አቁሞ ዝም ማለት

ጥያቄው አጭር ነው። «ክኒኑን በየቀኑ እየወሰዱ ነው?» መልሱ ከጥያቄውም ያጥራል። «አዎ።» ሐኪሟ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስመር ትጽፋለች፤ የሚቀጥለውን የማሞግራም (የጡት ራጅ) ቀጠሮ ትነግራታለች፤ ተሰነባብተው ይለያያሉ። ሴትየዋ ከለንደኑ ሆስፒታል ወጥታ አውቶቡስ ትሳፈራለች። መኝታ ቤቷ ካለው ኮሞዲኖ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፓስፖርቷና ከልጆቿ የክትባት ካርድ ሥር፣ ታሞክሲፌን የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት ያልተከፈቱ አራት ፓኮዎች አሉ።

ይህች ሴት አንድ የተወሰነች ሰው አይደለችም፤ በለንደን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እናቶች የሚገጥማቸውን ለማሳየት ከብዙዎች ሁኔታ የተቀናበረች ናት። የሰጠችው መልስ ግን እውነተኛ ነው፤ ሳይንስም ለክቶታል። ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት፣ ታሞክሲፌን ከታዘዘላቸው አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸውን፣ ገና ያላረጡ 1,177 ሴቶች ደም መረመሩ። በ188ቱ ደም ውስጥ መድኃኒቱ ወይ ጨርሶ የለም፣ ወይ መኖር ከሚገባው በታች ነው። እነዚሁ 188 ሴቶች ሲጠየቁ ግን 55 በመቶዎቹ በአግባቡ እየወሰዱ እንደሆነ ተናግረው ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ክትትል ሲደረግም፣ መድኃኒቱ በደማቸው ባልተገኘ ወይም ባነሰ ሴቶች ላይ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የመዛመት አደጋው ከፍ ብሎ ታየ።

ሴቶች የጡት ካንሰር ክትትል ሕክምናቸውን ለምን እንደሚያቋርጡ ብዙ ተብሏል። ያነሰ የተነገረው አቋርጠው ለምን ዝም እንደሚሉ ነው። ከሚያስቆሙት ምክንያቶች አብዛኞቹ መላ አላቸው፤ ያልተነገረ ችግር ላይ ግን መላ አይመታም።

ክኒኗ ምን ትሠራለች?

ከ10 የጡት ካንሰሮች ሰባት ወይም ስምንት ያህሉ የሚያድጉት ኢስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን እየታገዙ ነው። ሐኪሞች «ሆርሞን ፖዘቲቭ» ይሏቸዋል። ቀዶ ጥገናው ዕጢውን ያወጣል፤ ኬሞና ጨረር የቀረውን ያሳድዳሉ። ያም ሆኖ ማንኛውም የምርመራ መሣሪያ የማያያቸው ጥቂት ሴሎች በአጥንት ወይም በጉበት ተሸሽገው ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ማሳው ከታረመ በኋላ አፈር ውስጥ እንደቀረ የአረም ዘር ናቸው፤ ዝናብ ካገኙ ይበቅላሉ፤ ዝናባቸውም ኢስትሮጅን ነው። ታሞክሲፌን ሆርሞኑ ሴሉ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ላረጡ ሴቶች በብዛት የሚታዘዙት ሌትሮዞል፣ አናስትሮዞልና ኤክሰሜስቴን ደግሞ ሰውነት ሆርሞኑን እንዳያመርት ያደርጋሉ።

ታሞክሲፌን እዚያው እንግሊዝ የተወለደ መድኃኒት ነው። በ1962 ቼሺር ውስጥ በሚገኘው የአይሲአይ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ኬሚስቷ ዶራ ሪቻርድሰን ስትሠራው፣ በአርተር ዋልፖል የሚመራው ቡድን ይፈልግ የነበረው የእርግዝና መከላከያ ነበር። ለዚያ አልሆነም፤ እንዲያውም በሴቶች ላይ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያግዝ ሆኖ ተገኘ። በ1971 ዶክተር ሜሪ ኮልና ባልደረቦቿ ማንችስተር በሚገኘው ክሪስቲ ሆስፒታል የጡት ካንሰር ሥር በሰደደባቸው ሴቶች ላይ ሞክረው ያገኙትን ተስፋ ሰጪ ውጤት አሳተሙ። በ1983 ደግሞ በፕሮፌሰር ማይክል ባውም የተመራ የብሪታንያ ጥናት፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ክኒኑን ለሁለት ዓመት የወሰዱ ሴቶች ካልወሰዱት የተሻለ በሕይወት እንደሚቆዩ አሳየ።

ከዚያ በኋላ ማስረጃው ተከማቸ። በኦክስፎርድ የሚገኘው የጡት ካንሰር ጥናቶችን አንድ ላይ የሚያጠናቅረው ቡድን በ2011 እንዳሳየው፣ ካንሰራቸው ሆርሞን ፖዘቲቭ የሆነ ሴቶች ታሞክሲፌንን ለአምስት ዓመት ከወሰዱ፣ በቀጣዮቹ 15 ዓመታት በዚሁ በሽታ የሚሞቱት በሲሶ ያህል ይቀንሳሉ። ክኒኑ ካለቀ በኋላም ጥበቃው ለዓመታት ይቀጥላል ማለት ነው።

ይኸው ቡድን በ2017 ያሳተመው ሌላ ጥናት ግን «አምስት ዓመት አለፈኝ፣ አመለጥኩ» የሚለውን እምነት የሚያናጋ ነበር። ለአምስት ዓመት የሆርሞን ሕክምና ወስደው፣ በአምስተኛው ዓመት ምንም የበሽታ ምልክት ያልነበረባቸው ሴቶች ታዩ። ከአምስተኛው እስከ ሃያኛው ዓመት ባለው ጊዜ ካንሰሩ በሩቅ የሰውነት ክፍል የማገርሸቱ ዕድል ከ13 በመቶ ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ ዕጢው ትልቅ የነበረና በብብታቸው ያሉ ብዙ ንፍፊቶች የተነኩባቸው ሴቶች ዘንድ 41 በመቶ ይደርሳል። አንዳንድ ሐኪሞች አምስቱን ዓመት ወደ አሥር የሚያስረዝሙት ለዚህ ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ መድኃኒት ሙሉ ጊዜውን የሚወስደው ስንቱ ነው? ሰሜን ካሊፎርኒያ ውስጥ የ8,769 ሴቶችን የፋርማሲ መዝገብ ያገላበጠ የ2010 ጥናት እንዳገኘው፣ የታዘዘላቸውን ጊዜ ሁሉ በአግባቡ የወሰዱት 49 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ኢንሹራንስ ያላቸው አሜሪካውያን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ በበለጸጉ አገሮች ዘላቂ ሕክምና ከታዘዘላቸው ሕሙማን በአግባቡ የሚከታተለው በአማካይ ግማሹ ብቻ እንደሆነ ጽፏል። ስለዚህ የለንደኗ ኢትዮጵያዊት መሳቢያ የአገር ልጅነት ጠባይ ውጤት አይደለም። መሳቢያው በየአገሩ አለ፤ የሚለያየው ያስገባው ምክንያት ነው።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ

በለንደን ዋናው ምክንያት ገንዘብ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የካንሰር ሕመምተኞች ከሚያዝያ 2009 ጀምሮ ለሐኪም ማዘዣ አይከፍሉም። የሠፈር ሐኪሙ (ጂፒው) ፈርሞ የሚልከው ፎርም አለ፤ ከዚያ የነጻ መድኃኒት ካርድ ይመጣል። ካርዱ የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ነው። ሕክምናው ወደ አሥር ዓመት ለሚራዘምባት ሴት ማሳደስ ያስፈልገዋል፤ ጊዜው ባለፈበት ካርድ መድኃኒት የወሰደ ሰው የቅጣት ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እስከ 100 ፓውንድ ቅጣት የሚያስፈራራ ወረቀት ሲመጣባት ከፋርማሲው መራቋ አያስገርምም። ዕድሜዋ 60 ከሞላ ግን ካርድም አያስፈልጋት፤ መድኃኒቱ በነጻ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው የሕክምናው ቅርጽ ድንገት መለወጡ ነው። ለወራት ሆስፒታል ስትመላለስ የነበረች ሴት፣ የመጨረሻዋን ኬሞ ወይም ጨረር ስትጨርስ በብዙ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የማብቂያ ደወል ትደውላለች፤ ነርሶቹ ያጨበጭባሉ። ቤተ ሰብ ድግስ ይደግሳል፤ ስለት የተሳለች ስለቷን ታስገባለች። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ወዳጆቿ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ይሏታል። ምስጋናው ከቀረበ በኋላ በየጠዋቱ ክኒን መዋጥ እምነትን የሚያስነቅፍ ነገር ይመስላል። ድኛለሁ ብላ በአደባባይ ያመሰገነች ሴት፣ ጓዳ ገብታ የካንሰር መድኃኒት ስትወስድ ለራሷም ግራ ይገባታል።

የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት (ኤንኤችኤስ) አሠራርም ሳያስበው ይህን ስሜት ያጠናክረዋል። ከሕክምናው በኋላ የተለመደው በየዓመቱ ማሞግራም መነሣት ነው፤ ክኒኑን የሚያዘው ጂፒው ይሆናል። ብዙ ሆስፒታሎች መደበኛ የሐኪም ቀጠሮ ትተው «ምልክት ካየሽ ለጡት ክሊኒክ ነርሷ ደውይ» የሚል ስልክ ቁጥር ይሰጣሉ። ሐኪም ቀጠሮ ሲሰጥ በሽታው እንዳለ፣ ቀጠሮ ሲቆም በሽታው እንዳለቀ በሚታሰብበት ባህል ላደገች ሴት ይህ አሠራር «ጨርሰሻል፣ ሂጂ» የተባለች ያህል ነው።

በዚህ ላይ የለንደን ኑሮ አለ። የሌሊት ፈረቃ፣ የአረጋውያን እንክብካቤ፣ ቢሮዎች ከመከፈታቸው በፊት የሚደረግ ጽዳት፣ በየጊዜው የሚቀየር ኪራይ ቤት፤ የቀጠሮው ደብዳቤ ወደ ቀድሞው አድራሻ ይሄዳል። የጥገኝነት ጥያቄዋ መልስ ያላገኘ ሴት ደግሞ ሆስፒታል መመላለሷ ከጉዳይዋ ጋር እንዳይያያዝባት ትፈራለች። እንግሊዝ ውስጥ ጂፒ ማየት የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለውም ነጻ ነው፤ የጥገኝነት ጥያቄዋ በሂደት ላይ ያለ ሴትም የሆስፒታል ክፍያ አትጠየቅም። ይህን የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው?

ለንደን ውስጥ ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። የእንግሊዝ የካንሰር መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ2016 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ የጡት ካንሰር ካለባቸው ጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች 25 በመቶ ያህሉ በሽታው የሚታወቅላቸው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው፤ በነጭ ብሪታንያውያን ዘንድ 13 በመቶ ነው። በሽታው ዘግይቶ ለታወቀላት ሴት የማገርሸቱ ዕድል የሚሰፋ በመሆኑ፣ ክኒኑን ማቆም የሚያስከፍላት ዋጋም ይበልጣል።

ያቃጠላት ሙቀት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ፈረቃ ላይ ያለች፣ ታሞክሲፌን የምትወስድ እናት አንሶላ እየቀየረች ሳለ ሙቀት ከደረቷ ይነሣና ወደ አንገቷና ፊቷ ይወጣል፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ልቧ ይመታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይበርዳታል። ሌሊቱን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቅዳሴ ላይ ቆማም አንድ ጊዜ። ሌትሮዞል የምትወስደው ጓደኛዋ ደግሞ ጠዋት ስትነሣ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል፤ ጉልበቷ ስለሚያማት በዐቢይ ጾም መስገድ አልቻለችም። ሁለቱም ለማንም የማይናገሩት ሌላ ነገር አለ፤ የብልት መድረቅና ከባል ጋር መተኛት ሕመም መሆኑ። ባልየው «ተለወጥሽብኝ» ይላል፤ እሷ ምክንያቱን አትነግረውም።

ካንሰሩ አያማትም ነበር፤ ክኒኑ ግን ያማታል። ጤነኛ ሆና የሚያሳምማትን ነገር መዋጥ አቆመች። ከውጭ ሲታይ ግድየለሽነት የሚመስለው ውሳኔ ከውስጥ ሲታይ ስሌት አለው።

ይህን ስሌት በደንብ የተነተኑት የዚያችው ከተማ ሰዎች ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የፋርማሲ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር የሆኑት ሮብ ሆርን ለዓመታት ሲያጠኑ እንደቆዩት፣ ሕመምተኛ መድኃኒቱን የሚቀጥለው ወይም የሚያቆመው ሁለት ነገሮችን እያመዛዘነ ነው፤ በአንድ በኩል «ያስፈልገኛል ወይ?»፣ በሌላ በኩል «ምን ያደርገኛል?»። ሥጋቱ ከአስፈላጊነቱ ከበለጠ ክኒኑ ይቀራል። ደወል ተደውሎላት፣ ስለት አስገብታ፣ ቀጠሮ ቆሞላት «ያስፈልገኛል» የሚለው ሚዛን የቀለለባት ሴት ላይ ሙቀቱና የጉልበቱ ሕመም በሌላው በኩል ሲጫን፣ ውሳኔው አስቀድሞ ያለቀ ነው። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በ2009 ባወጣው ሰነድም ሐኪሞች ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ሲጠይቁ ወቀሳ በሌለበት መንገድ እንዲጠይቁ አሳስቧል።

ሙቀቱ መላ አለው። በኪንግስ ኮሌጅ ለንደን ፕሮፌሰር ማይራ ሀንተርና ባልደረቦቻቸው የጡት ካንሰር ሕክምና ያለፉ 96 ሴቶችን ይዘው በሠሩትና በ2012 በታተመው ጥናት፣ በቡድን የሚሰጥ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሥልጠና የሙቀቱን አስቸጋሪነት በጉልህ ቀንሶታል። መተንፈስን ማዘግየት፣ ሙቀቱ ሲመጣ በድንጋጤ አለመታገል፣ የእንቅልፍን ልማድ ማስተካከል የሥልጠናው ክፍሎች ናቸው። ሙቀቱን የሚያበርዱ መድኃኒቶችም አሉ፤ ነገር ግን ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን የተባሉት የድብርት መድኃኒቶች የታሞክሲፌንን ሥራ ስለሚያዳክሙ ሐኪሙ ሌላ መምረጥ አለበት። አንድ ፋብሪካ ያመረተው ክኒን ሲያስቸግራት የሌላ ፋብሪካው የተስማማት ሴት ብዙ ናት፤ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይቻላል። ሌትሮዞል አጥንቷን ያደቀቃት ሴት ወደ አናስትሮዞል፣ ወደ ኤክሰሜስቴን ወይም ወደ ታሞክሲፌን ልትዛወር ትችላለች። ለአጥንት መሳሳት የአጥንት ምርመራና ማጠናከሪያ አለ፤ ለድርቀቱም ሆርሞን የሌለበት ቅባት አለ። ሐኪሙ ራሱ ለጥቂት ሳምንታት አሳርፎ ሕመሙ ከመድኃኒቱ መሆኑን የሚለይበት ጊዜም አለ።

መታገሥ የማያስፈልገውም አለ። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ሲያም፣ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደረት ሲወጋ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው። ካረጠች በኋላ ደም የታያት ሴትም ማሕፀኗ መታየት አለበት። እነዚህ ጉዳቶች የሚያጋጥሙት ጥቂቶችን ነው፤ ጉዳታቸው የሚከፋው ደግሞ ሳይነገሩ ሲቀሩ ነው።

«ይህ መድኃኒት ለነጭ የተሠራ ነው፤ ለእኛ አይሆንም» የሚል ወሬም በለንደን የቡና ሥርዓት ላይ ይሰማል። ማስረጃው ሌላ ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ የ352 ሕሙማን ናሙና ተመርምሮ በ2014 የታተመ ጥናት፣ ከሦስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች የሁለቱ ያህል ካንሰር ሆርሞን ፖዘቲቭ መሆኑን አሳይቷል፤ ክኒኑ የሚሠራውም እንዲህ ባለው ካንሰር ላይ ነው። ታሞክሲፌን ኃይል የሚያገኘው ጉበት ውስጥ ባለ አንድ ኤንዛይም ነው። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 እንዳሳተሙት፣ ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህ ኤንዛይም ዘረ መል ከተለመደው በላይ ብዙ ቅጂ ነበራቸው። ይህ ልዩነት የሕክምናውን ውጤት ምን ያህል እንደሚለውጥ ሐኪሞች እስካሁን ይከራከራሉ፤ የኢትዮጵያዊት ሰውነት መድኃኒቱን አይቀበልም የሚያሰኝ ግን አይደለም።

ጸበል፣ ጾምና ልጅ

አንዳንዷ ክኒኑን ያቆመችው ስላመማት አይደለም። ፈቃድ ወስዳ አገር ቤት ትገባለች፤ እንጦጦ ማርያም ወይም ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ትይዛለች። እየተጠመቁ መድኃኒት መውሰድ ጸበሉን መጠራጠር ነው የሚላት ሰው አይጠፋም። ክኒኑ ለንደን ይቀራል፤ ስትመለስም ሳይነካ ይከርማል።

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገሪቱ ሲስፋፋ እንጦጦ ላይ መድኃኒታቸውን ጥለው የተጠመቁ ብዙ ነበሩ። ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ2007 ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ በይፋ አስተማሩ። ለኤችአይቪ የተባለው ለካንሰር የማይባልበት ምክንያት የለም። ንስሐ አባቷን «አባቴ፣ እየወሰድኩ ልጠመቅ?» ብላ የጠየቀች ሴት፣ ካልጠየቀችው ይልቅ ክኒኗን ይዛ የመመለሷ ዕድል ሰፊ ነው።

ጾሙ ከዚህ ይቀላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት የጠዋቱን ክኒን ትዘላለች፤ ከዚያም መዝለሉ ልማድ ይሆናል። ታሞክሲፌን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም የሚሆን መድኃኒት ነው። ማታ ከእራት በኋላ ቢዋጥ ጾሙም አይፈርስ፣ ክኒኑም አይዘለል። ለረመዳን ጿሚዎችም እንዲሁ ነው። ስንቷ ይህን ጠይቃ ታውቅ ይሆን? ከሐኪሞቹስ «ትጾሚያለሽ?» ብሎ የጠየቀ አለ?

ልጅ የምትፈልገዋ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በ30ዎቹ ዕድሜዋ ያለች፣ ገና ያገባች ሴት አምስት ዓመት ጠብቂ ስትባል ዓመቱን ትቆጥራለች፤ ቤተ ሰቡም ይቆጥርባታል። ታሞክሲፌን ለፅንስ ጎጂ ስለሆነ እየወሰዱ ማርገዝ አይገባም። ስለዚህ በምስጢር ታቆማለች። እዚህ ላይ ሳይንሱ በቅርቡ መልስ አምጥቷል። በ2023 የታተመው ፖዘቲቭ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከ18 እስከ 30 ወር ሕክምናውን ወስደው ለማርገዝ ሲሉ እስከ ሁለት ዓመት ያቋረጡ 516 ሴቶችን ተከታትሏል። በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ያገረሸባቸው 8.9 በመቶ ሲሆኑ፣ ለንጽጽር በተወሰደው ሳያቋርጥ በቀጠለው ቡድን 9.2 በመቶ ነበር። የረጅም ጊዜ ክትትሉ ገና እየቀጠለ ነው፤ የሁሉም ሴት በሽታም አንድ ዓይነት አይደለም። ጥናቱ ያሳየው ግን ከሐኪም ጋር ታቅዶ የሚደረግ ማቋረጥ እንዳለ፣ ከወለዱ በኋላም ወደ ክኒኑ መመለስ እንደሚቻል ነው። በምስጢር ያቆመችዋ ይህ መንገድ እንዳለ ሳታውቅ ትቀራለች፤ የሚመልሳትም ሰው የለም።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»

ይህ ሁሉ መላ እያለ ሴትየዋ ለምን «አዎ» አለች?

አንደኛው ምክንያት አክብሮት ነው። ሐኪም ያዘዘውን አላደረግሁም ማለት ሐኪሙን ማዋረድ ሆኖ ይሰማታል፤ ደክሞ ያከማት ሰው ፊት ውለታ ቢስ መሆን ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ መድኃኒቱን አቁሜያለሁ ካልኩ ከክሊኒኩ ያስወጡኛል፣ ሌላ ጊዜ ብታመም አያክሙኝም የሚል። ይህ ሥጋት መሠረት የለውም፤ ሕመምተኛ መድኃኒት እምቢ የማለት መብት አላት፣ እምቢ በማለቷም ክትትሏ አይቋረጥም። ሦስተኛው ልማድ ነው። «እንዴት ነሽ?» ለሚል ሁሉ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ያደገች ሴት፣ የእንግሊዙ ሐኪም ምልክት ፍለጋ የጠየቃትን እንደ ሰላምታ ትመልሰዋለች። ሐኪሙ ደግሞ «ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የለም» ብሎ ይመዘግባል።

አራተኛው አስተርጓሚው ነው። ለንደን ውስጥ ሆስፒታልም ሆነ ጂፒ በነጻ የአማርኛ አስተርጓሚ ሊያቀርብላት ይገባል፤ ቀድማ ካሳወቀች በአካል ወይም በስልክ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ግን የምታስተረጉመው የ14 ዓመት ልጇ ናት። የትኛዋ እናት ናት በልጇ አፍ ስለ ብልት ድርቀት የምትናገር? የአገር ልጅ የሆነው አስተርጓሚም ሌላ ሥጋት አለው፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሊያገኛት ይችላል። ካንሰር በማኅበረሰባችን አሁንም በሹክሹክታ የሚጠራ፣ የልጆችን ትዳር እንኳ ያበላሻል ተብሎ የሚፈራ በሽታ ነው። ስልክ ላይ ያለ፣ ፊቱ የማይታይ፣ ስሟን የማያውቅ አስተርጓሚ የተሻለ ሆኖ የሚታያት ለዚህ ነው፤ ያንንም መጠየቅ ትችላለች።

አምስተኛው የጥያቄው አቀራረብ ነው። «ክኒኑን እየወሰድሽ ነው?» የሚል ጥያቄ «አዎ»ን ይዞ ይመጣል። «ብዙ ሴቶች አንዳንድ ቀን ይዘላሉ፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠሽ?» የሚለው ግን መልሱን ከጥፋት ያወጣዋል። ሁለተኛው ጥያቄ የሚፈጀው ጊዜ ከመጀመሪያው በጥቂት ሰከንድ ቢበልጥ ነው።

መልሱ ከደቡብ ኢትዮጵያ

በሽታው ድሃ አገር፣ መፍትሔው ሀብታም አገር ነው የሚለው ልማዳዊ አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይገለበጣል። በደቡብ ኢትዮጵያ ስምንት ሆስፒታሎች ተመርጠው፣ በአራቱ ነርሶች ስለ ጡት ካንሰር ሠለጠኑ። በ2018ና በ2019 ታሞክሲፌን የጀመሩ 162 ሕሙማን ለአንድ ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። የሠለጠኑት ነርሶች የሠሩት ሥራ የሚያስደንቅ መሣሪያ አልነበረውም። መድኃኒቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በራሳቸው ቋንቋ አስረዱ፤ በርኅራኄ አዳመጡ፤ ስልክ ደወሉ፤ መድኃኒቷን ልትወስድ ያልመጣችውን ከመዝገብ ላይ አይተው ፈለጉ። በ12ኛው ወር መድኃኒታቸውን በአግባቡ የወሰዱት በእነዚህ ሆስፒታሎች 70 በመቶ ነበሩ፤ ሥልጠናው ባልተሰጠባቸው 44.8 በመቶ።

እነዚያ እናቶች የኤንኤችኤስ ካርድ የላቸውም፤ ከገጠር ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። የነበራቸው በስማቸው የምትጠራቸው፣ ባይመጡ የምትደውል፣ «ምን ሆነሽ ቀረሽ?» ስትል ክስ የማይሰማባት ነርስ ናት። ለንደን ውስጥ ማሞግራሙ፣ ነጻ ክኒኑ፣ የስልክ ቁጥሩ አለ። እንድትደውል የምትጠበቀው ግን ሕመምተኛዋ ናት፤ ያቋረጠች ሴት ደግሞ አትደውልም።

ስለዚህ የሚጎድለው ደዋይ ነው። የጡት ክሊኒክ ነርስ በአስተርጓሚ ታግዛ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በ12ኛው ወር ብትደውል ወጪው ካንሰሩ ሲያገረሽ ከሚያስከትለው ሕክምና ጋር አይወዳደርም። የፋርማሲው ኮምፒውተር ማን መድኃኒቷን እንዳልወሰደች ያውቃል፤ ያ መረጃ ወደ ጂፒው ቢደርስ ከደም ምርመራ ይቀድማል። የለንደን ኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ ዕድሮችና አብያተ ክርስቲያናትም ድርሻ አላቸው፤ የማንንም ስም ሳያነሡ፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ነርስ ጋብዘው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጾሙና ስለ ጸበሉ በአማርኛ ማስነገር ይችላሉ። ያቆመችዋ ሴት ከመቀመጫዋ ሳትነሣ መልሷን ይዛ ትሄዳለች።

እሷም ለሚቀጥለው ቀጠሮ ልታዘጋጀው የምትችለው ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ከሦስት ወር በፊት አቁሜያለሁ፤ ያቆምኩትም በዚህ ምክንያት ነው።» ኑዛዜ አይደለም፤ የደም ግፊቷ ልክ እንደሚነገር የሚነገር የሕክምና መረጃ ነው። ሐኪሟ ይህን ከሰማች በኋላ መድኃኒቱን ትቀይራለች፣ ወይም የእርግዝናውን ጊዜ አብራ ታቅዳለች። ሁሉን ሰምታም ሴትየዋ አልወስድም ካለች ውሳኔው የራሷ ነው፤ ነገር ግን ሐኪሟ እያወቀች፣ ማሞግራሟና ክትትሏ በዚያው ልክ ተስተካክሎ የሚወሰን ውሳኔ ይሆናል።